የመስኮቱ ልክ

ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ሳይቆጥር አይሰጥም። አንዴ በእጁ፣ አንዴ በማሽን ይቆጥራል፤ ማታ ሣጥኑን ሲዘጋ ደግሞ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። እኔም በዚህ ሥራ ላይ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ በእጄ የሰው ገንዘብ ጎድሎ አያውቅም። የእናቴን መስኮት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ለካሁ፤ እሱንም ተሳሳትሁ። የዛሬው ወጌ ስለዚያ መስኮት ነው።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ የራሴ አይደለም፤ ዕጣ የወጣላቸው ሴትዮ አከራይተውኝ ነው። እናቴ አባቴ ካረፈ በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. መባቻ፣ ከደብረ ብርሃን መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ጀመረች። ከተማውን ትጠላዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሷ ግን በመጣች በሳምንቱ የሳሎኑን መስኮት የራሷ ርስት አደረገችው። ጠዋት ቁርሷን ቀምሳ በርጩማዋን እዚያ ታስጠጋለች፤ እንዝርቷን ታሾራለች፤ ከታች የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ትሰማለች። «ትሰማለች» ያልሁት አውቄ ነው፤ ያን ጊዜ ግን «ታያለች» ብዬ ነበር የማስበው። የቆራሌውን ጥሪ፣ ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች ጭቅጭቅ፣ ምድር ቤት የምትኖረውን ሴት ሳቅ ለይታ ታውቅ ነበር። ማታ ከሥራ ስመለስ የሰፈሩን ውሎ የምትተርክልኝ እርሷ ነበረች።

ችግሩ የመጣው ከፀሐይ ነው። መስኮታችን ወደ ምዕራብ ይመለከታል። በበጋ፣ በተለይ በታኅሣሥና በጥር፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ምዕራብ አዘንብላ ስለምትወርድ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ጨረሯ እንደ ጦር አግድም ይገባል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቴ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ አገኘኋት። ዐይኖቿ እንባ አቅርረዋል።

«ልጄ፣ ይቺ ፀሐይ ዐይኔን ትወጋኛለች» አለችኝ።

ወፍራሙን መጋረጃ ልዘጋላት ስነሣ ግን እጄን ያዘችኝ። «ተወው፤ ከነሕይወቴ አትቅበረኝ።»

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነበር፦ ፀሐይን ከልክሎ መንገዱን የማይከለክል ምን ዓይነት መጋረጃ አለ?

መልሱን በየቀኑ አየው ነበር። በምሠራበት ቅርንጫፍ የሥራ አስኪያጁ ክፍል መስኮት ላይ ተሰቅሏል። ብዙ ሰው «የቢሮ መጋረጃ» የሚለው፣ ሻጮቹ «ቨርቲካል ብላይንድ» የሚሉት ነው። ከላይ አንድ የአሉሚኒየም ሐዲድ አለው። ከሐዲዱም ላይ ጠባብና ረጃጅም የጨርቅ ቁራጮች በየመንጠቋቸው ተንጠልጥለው ይወርዳሉ። ገመዱን ሲስቡት ቁራጮቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባሉ፤ የዶቃ ሰንሰለቱን ሲስቡት ደግሞ ባሉበት ሆነው እንደ በር ይዞራሉ። ምስጢሩ ያለው በዚህ መዞር ነው። አግድም የተደረደሩት ዓይነቶች ከላይ የምትመጣን ፀሐይ ይመክታሉ፤ የማታ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ ከጎን ነው የምትመጣ። የቆሙትን ቁራጮች ወደ ሰሜን ቢያዞሯቸው የደቡብ ምዕራቧን ፀሐይ በጀርባቸው ይመልሷታል፤ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ደግሞ በስተቀኝ ያለው መንገድ፣ ሱቁም ልጆቹም፣ እንዳለ ይታያል።

ያን ሰሞን ቃሉ ራሱ ይከነክነኝ ጀመር። መጋረጃ «ጋረደ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በእኛ ዘንድ ግን መጋረጃ ማየትን መከልከያ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ሳይታዩ ማያም ነው። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ዐፄ ልብነ ድንግል በመጋረጃ ተከልለው እንግዶቻቸውን ይቀበሉ እንደ ነበር ጽፎልናል። እናቴን በሦስተኛ ፎቅ ዙፋኗ ላይ አሰብኋትና፣ «ሳትታይ የምታይ ንግሥት አደርጋታለሁ» ብዬ ለራሴ ፎከርሁ። ከዚያው ግሥ የተወለደ ሌላ ቃል መኖሩ ግን ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መርካቶ ወረድሁ። ሻጩ ትዕግሥተኛ ወጣት ነበር። እነዚያን የጨርቅ ቁራጮች «ቅጠል» እያለ ይጠራቸዋል፤ እኔም ከዚህ በኋላ እንደ እርሱ እላቸዋለሁ። ቅጠሎቹ በሁለት የተለመዱ ስፋቶች ይመጣሉ፤ 8.9 እና 12.7 ሳንቲ ሜትር። ሰፊው ለትልቅ መስታወት ያምራል፤ ሲዞር ግን ቦታ ይፈልጋል። የእኛ ግድግዳ የ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ነው። የብረት መስኮቱ መካከሉ ላይ ስለ ተተከለ ወደ ውስጥ የሚተርፈው ጠርዝ ከነልስኑ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሰፊው ቅጠል እዚያ ውስጥ ቢዞር ከመስታወቱና ከእጀታው ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ጠባቡን ያዝሁ። ከፕላስቲክ የተሠራው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ለወጥ ቤት ይስማማል፤ ነፋስ በነካው ቁጥር ግን ይንኳኳል። የጨርቁ አቧራ ይይዛል፤ ብርሃኑን ግን አለዝቦ ያስገባል፤ ድምፅም የለውም። መንገዱን በጆሮዋ እንደምትከታተል ስለማውቅ ጨርቁን መረጥሁላት። ቀለሙን ራሷ ትምረጥ ብዬ አምስት ናሙና ተውሼ ወደ ቤት ይዤ ሄድሁ።

እናቴ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አሸቻቸው። ወደ ብርሃን አላነሣቻቸውም። አራተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ይኼ ፈትሉ የታመነ ነው። ይኼ ይሁን» አለች።

አመድማ ነበር። ገረመኝ፤ እናቴ ነጭ የምትወድ ሴት ናት። ነገር ግን ዕድሜዋን ሁሉ ፈታይ የነበረች ሰው ጨርቅን በእጇ ብታይ ምን ይደንቃል ብዬ አለፍሁት። እንዲያውም ጣቶቿ ስለሚያዩ እናት ግጥም ለመጻፍ አሰብሁ፤ ሁለት መስመርም ጀምሬ ነበር። ገጣሚ ነኝ ባይ መሆን እንዲህ ያለ ጣጣ አለው። ዐይኑ ሥር የተቀመጠውን ምልክት ሁሉ ወደ ዘይቤ ይለውጠውና አርፎ ይተኛል።

የመለካቱ ነገር እንዲህ ነው። መጋረጃው ከመስኮቱ ጠርዝ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ወርዱ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ይለካል፤ ከሦስቱ ትንሹ ይያዛል፤ ከእርሱም ላይ ለመላወሻ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀነሳል። ቁመቱም እንዲሁ በግራ፣ በመካከልና በቀኝ ይለካል፤ ትንሹ ተይዞ፣ ቅጠሉ ደፉን እንዳይጠርግ ትንሽ ይቀነስለታል። በግድግዳው ፊት ላይ የሚሰቀል ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ብርሃን በጎን እንዳይሾልክ በየወገኑ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይጨመራል። ይህን ሁሉ ሻጩ ነግሮኛል፤ እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ ሰምቼዋለሁ። ቤት ስደርስ መሸ። መሰላል አልነበረኝም። እጄ በቀላሉ የሚደርሰው የመስኮቱ ደፍ ላይ ስለ ነበር ሜትሬን እዚያው ዘረጋሁ። ልክ 180 ሳንቲ ሜትር። ቁጥሩ ድፍን ስለ ሆነ ደስ አለኝ። በሥራዬ ግን ድፍን ቁጥር ስናይ ነው ቀና ብለን የምንጠራጠረው።

እናቴ ከእንዝርቷ ላይ ክር መዝዛ፣ ደፉን በመዳፏ እየዳሰሰች ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘረጋችው። በሁለቱም በኩል ቋጠሮ አደረገችበት። እርሷ ባደገችበት ቤት የልክ መሣሪያ ስንዝርና ክንድ ነበር፤ ከገበያ ጨርቅ ሲገዛ ክንደ ረጅሙ አጎቷ ለካሽ ሆኖ አብሮ ይሄድ እንደ ነበር እየሳቀች ትነግረኛለች። በሜትር አታምንም፤ በክር ግን ታምናለች።

«ላዩንም ለካው» አለችኝ።

«እማዬ፣ መሐንዲስ ያሠራው ቤት ነው እኮ። ላዩም ታቹም አንድ ነው።»

«ግድግዳ የሚለስነው መሐንዲስ አይደለም፤ ሲደክም የዋለ ሰው ነው። ላይ ሲደርስ እጁ ይዝላል።»

ሳቅሁ። ከ180 ላይ አንድ ቀንሼ፣ 179 ብዬ አዘዝሁ።

በሳምንቱ ዕቃው ደረሰ። ከታችኛው ፎቅ ያለው ጎረቤቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ መሰላልና ድሪል ይዞልኝ ወጣ። አከራዬንም አስቀድሜ በስልክ አስፈቅጄ ነበር፤ «ግድግዳዬን አታቁስለው እንጂ ደግ አደረግህ» ብለውኛል። ሐዲዱን አንሥተን ወደ ጠርዙ ስናስጠጋው አልገባም። አንዱ ጫፍ ሲገባ ሌላው ልስኑን ይፍቃል። ጎረቤቴ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ሜትሩን ላይ ዘረጋ፤ 178.2። ሐዲዱ በስምንት ሚሊ ሜትር በልጦ ነበር። እናቴ ያን ክር ከመሶቧ ሥር አወጣችና «እንኩ፣ ያዙት» አለች። በሁለቱ ቋጠሮዎች ይዘን ከላይ ብንዘረጋው ላላ፤ መካከሉ እንደ ረገበ የልብስ ገመድ ሆዱን ወደ ታች ጣለ። ጎረቤቴ አየኝ፤ እኔም ጣሪያውን አየሁ።

«ለምን ከፊት ግድግዳው ላይ አንሰቅለውም?» አለ ጎረቤቴ። ያም አልሆነም። ቁመቱ ለውስጥ ተብሎ የተቆረጠ ስለ ሆነ፣ ወደ ላይ ከፍ ባደረግነው ቁጥር ከታች ፀሐይዋ የምትገባበት ክፍተት ይቀራል። ሐዲዱን ተሸክሜ ወደ መርካቶ ተመለስሁ። የታክሲው ረዳት የሁለት ሰው ሒሳብ ተቀበለኝ። ወጣቱ ሻጭ ግን አልሳቀብኝም። የጫፉን ክዳን ነቅሎ፣ ሐዲዱንና በውስጡ ያለውን የማዞሪያ ዘንግ በመጋዝ ቆርጦ 177.5 አደረገው። ቅጠሎቹ 23 ነበሩ፤ 23ቱም ቀሩ፤ እርስ በርስ መደራረባቸው ብቻ ጥቂት ጨመረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራው እንደገና ተጀመረ። ከመስኮቱ በላይ ያለው ብሎኬት ሳይሆን ብረት የታሰረበት ኮንክሪት ነው፤ እየመታ የሚሰረስር ድሪልና ባለ 6 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይፈልጋል። ፑንታው ላይ በ4 ሳንቲ ሜትር ልክ ፕላስተር ጠቅልለን የጥልቀቱን ምልክት አደረግን። መያዣዎቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ መካከል ላይ፣ ሁለቱ ከየጫፉ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብለው። ሦስቱ በአንድ መስመር እንዲውሉ ምን የዘረጋን ይመስላችኋል? የእናቴን ክር። ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ፑንታው ከብረት ጋር ተጋጭቶ ጮኸ፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ አልን። ፊሸሩን አስገብተን፣ ብሎኑን በካቻቢቴ አጥብቀን፣ በውሃ ልክ አረጋገጥን። ሐዲዱ ቀጭ ብሎ ገባ። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በየመንጠቋቸው ሰቀልሁ፤ ቀጥ ብለው እንዲወርዱ ከግርጌያቸው ክብደት ከተትሁባቸው፤ ነፋስ እንዳይበታትናቸው ክብደቶቹን በዶቃ ሰንሰለት አያያዝኋቸው። ማዞሪያውን ስስብ 23ቱም አብረው ዞሩ።

10 ሰዓት ሆነ። ፀሐይዋ እንደ ልማዷ መጣች። እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። ቅጠሎቹን ቀስ እያልሁ ወደ ሰሜን ሳዞራቸው ጨረሩ ከፊቷ ላይ ወረደ።

«እማዬ፣ እንዴት ነው?»

«ተባረክ ልጄ። ዐይኔ ዐረፈ። ነጭነቱ ደግሞ እንዴት ያምራል!»

ጎረቤቴ የድሪሉን ገመድ እየጠቀለለ ነበር፤ ቀና አለ። ሁለታችንም አመድማውን መጋረጃ አየን፤ ከዚያም እርስ በርስ ተያየን። እርሱ ቀስ ብሎ መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጠየቅኋት። ከመንገዱ ማዶ ስላለው ሱቅ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቆራሌው መልክ ጠየቅኋት።

«ድምፃቸውን ነው የማውቀው» አለች። «ፊት እንደ ጉም ነው። ያንተም እንደ ጉም ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወት ሳለ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ጥቂት ዝም አለች። ክሩን በጣቷ ላይ እየጠቀለለች ነበር።

«አንተ መቼ ጠየቅኸኝ? የጠየቅኸኝ ስለ መስኮቱ ነው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መርፌ ላይ ክር እንዳስገባላት ስንት ጊዜ ሰጥታኛለች! አስገብቼላት ወደ መጽሐፌ እመለሳለሁ። ሻይ ስትቀዳ ጣቷን ከብርጭቆው አፍ ላይ ታደርግ ነበር፤ የአገር ቤት ልማድ መስሎኝ አልፌዋለሁ። ሥራዬ ፊርማ ማስተያየት ነው። የደንበኛው ፊርማ ከናሙናው ጋር ሲነጻጸር ጅራቱ እንኳ ቢያጥር አያመልጠኝም። የእናቴን ዐይን ግን ትክ ብዬ አላየሁትም ነበር። ሲነጋ አየሁት። በብሌኑ መካከል አመድማ ነገር ተዘርግቷል፤ መርካቶ ሄጄ የገዛሁትን ጨርቅ ይመስላል።

ሕመሙ በቋንቋችን «የዐይን ሞራ ግርዶሽ» ይባላል። ግርዶሽ፤ ያ ትዝ ያላለኝ የ«ጋረደ» ልጅ ይኸው ነበር። በብሌኑ በስተኋላ ያለው ሌንስ ሲደፈርስ የሚገባው ብርሃን ይበተናል፤ የማታ ፀሐይ ትወጋት የነበረው ለዚህ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ከዐይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዚሁ በሞራ ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። ይህም የሚያንገበግበው በቀዶ ሕክምና የሚድን በመሆኑ ነው። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዐይኑ ብቻ ደንዝዞ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። እኔ ለስምንት ሚሊ ሜትር ስል ሐዲድ ተሸክሜ መርካቶ ተመላልሻለሁ፤ ለዐይኗ ግን የግማሽ ቀን ፈቃድ እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

እናቴን ለማሳመን ሁለት ወር ፈጀብኝ። «ዐይኔን በቢላ? ይቅርብኝ፤ ያየሁት ይበቃኛል» ትል ነበር። ያሳመናት የእኔ ልመና አልነበረም። ምድር ቤት የምትኖረው፣ ሳቋን የምታውቅላት ሴት አንድ ቀን ቡና ልትጠጣ መጥታ የራሷ እናት እንዴት እንደ ዳኑ ነገረቻት። በሚያዝያ ወር አንዱ ዐይኗ ተሠራ፤ የሌላው ደግሞ ተራ ተያዘለት። በር ላይ ስጠብቅ የምይዘው አጣሁና በኪሴ በነበረ የገንዘብ ማውጫ ቅጽ ጀርባ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦

ብርሃን ሊያበጅላት መስኮት የሚለካ፣
ዐይኗን ያልጠየቀ አንድ ልጅ ኖሯል ለካ።

በማግስቱ ፋሻው ተነሣላት። ሐኪሙ ለጥቂት ሳምንታት ብርቱ ብርሃን ሊያስቸግራት ስለሚችል እንድትጠነቀቅ ስለ ነገራት፣ መጋረጃው ሥራ አልፈታም። ቤት ስንገባ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው።

«ይኼ ሽበት መቼ መጣ?» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። እኔም መልስ አልነበረኝም።

ቀጥሎ ወደ መስኮቱ ሄደች።

«ይኼ አመድ ነገር ምንድን ነው?»

«አንቺ ነሽ የመረጥሽው፣ እማዬ።»

«ዝም ስትለኝ ነዋ!»

በርጩማዋን አስጠግታ ማዞሪያውን በራሷ እጅ ሳበች። ቅጠሎቹ ተከፈቱ። ከታች ልጆቹ ኳሳቸውን ይለጋሉ። «ያ ጯሂው ይኼ ሚጢጢ ነው? እኔ ጎረምሳ መስሎኝ!» ብላ ብቻዋን ሳቀች። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም። እኔም አልተነሣሁም።

ወደ ማታ ላይ ያቺን ሁለት መስመር አወጣሁና አነበብሁላት። ዐንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ደግ ነው» አለች። «አሁን ግጥሙን አስቀምጥና ያቺን ሦስተኛዋን ቅጠል አስተካክልልኝ። ፊቷን አዙረህ ነው የሰቀልሃት።»

ተነሥቼ አየሁ። እውነትም ተገልብጣ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ሳያት ኖሬአለሁ።